ጣውላ ለምታሠሩ፦ ቀለም ሳይቀባ እዩት

ደሴና ኮምቦልቻ የእንጨት ሥራ የምታሠሩ፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡ። እኔ የተበላሁትን እናንተም እንዳትበሉ ነው።

አጎቴ ሐይቅ ላይ የቆየች የእንጨት ጀልባ አላቸው። መሪዋ በሰበሰ። መሪ የምለው ከኋላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀልባዋን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን ሰሌዳ ነው። አሮጌው ዋንዛ ነበር፤ ስንት ዘመን አገልግሏል። ለልክ እንዲሆን በሚኒባስ ጣሪያ አስጭኜ ደሴ አመጣሁትና ለአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሰጠሁ። ደረቅ ዋንዛ፣ 14,000 ብር ተባባልን። 9,000 ቀብድ ከፈልኩ። ውል አልጻፍንም። ደረሰኝ ስጠይቅ «አብሽር፣ ስትረከብ እሰጥሃለሁ» አለኝ።

በ10 ቀኑ ደወለልኝ። ስሄድ ሰማያዊ ተቀብቶ፣ እያብረቀረቀ ጠበቀኝ። ደስ ብሎኝ ቀሪውን ከፈልኩ፤ ደረሰኙንም ረሳሁት። ሳነሳው ግን ከአሮጌው ቀለለኝ። አሮጌው ውሃ ጠጥቶ ነው የከበደው ብዬ ዝም አልኩ። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ።

ሥራ በዝቶብኝ ሦስት ሳምንት ቤት ተቀመጠ። ከዚያ ወስደን ገጠምነው። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት ነፋስ ተነሳ። አጎቴ እጀታውን ቢያዞሩ ጀልባዋ እምቢ አለች። ሁለት ሰው አሳፍረው ነበር። በመቅዘፊያ ታግለው ዳር ደረሱ። 80 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው። አሁንም ሳስበው ሆዴ ይርበተበታል።

ነቅለን አየነው። የታችኛው ጠርዝ አብጧል። አጎቴ በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ከቀለሙ ሥር ውሃ ወጣ። በቢላ ፋቅነው። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ (ቀዳዳና ስንጥቅ መድፈኛ)፣ ከስቱኮው ሥር ኮምፔርሳቶ፣ ማለትም ስስ እንጨት በሙጫ ተደራርቦ የተሠራ ጣውላ! ዋንዛው ዙሪያውን የተለጠፈች፣ ሁለት ጣት የማትሞላ ጠርዝ ብቻ ናት። የቤት ውስጥ ኮምፔርሳቶ ደግሞ ውሃ ሲያገኘው ሙጫው ይለቃል፤ ንብርብሩ አንድ በአንድ ተላቋል። መሪውን ከጀልባዋ ጋር የሚያገናኘውን ማጠፊያ የያዙትም አጫጭር ቪቴዎች ናቸው። አሮጌው ላይ ከወዲያ ወዲህ የሚያልፍ ብሎን ነበር፣ በዳዶ የታሰረ። ውሃው መሪውን ሲገፋው ጫናው የሚያርፈው እዚያ ማጠፊያው ላይ ነው።

ሰውዬው «ዋንዛ ጠፋ፣ ይሄም ጠንካራ ነው» ብሎ ሸኘኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ የሚሰጠው 15 ቀን ነው። የኔ 26ኛ ቀኑ ነበር፤ ደረሰኝም የለኝም።

ስለዚህ በርም ይሁን ቁም ሳጥን ወይም ጀልባ፣ «ሳትቀቡት ጥሩኝ» በሉ። ስቱኮና ቀለም የማይሸፍነው ነገር የለም። ሳይቀባ ጫፉን እዩ። ወጥ እንጨት ከሆነ የፊቱ መስመር ጫፉ ድረስ ይዘልቃል። ኮምፔርሳቶ ከሆነ ንብርብሩ ይቆጠራል። ከተቆረጠው ቁራጭ ለምኑና ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ለውሃ የሚሆን ኮምፔርሳቶ ነው ካሏችሁ ደግሞ ቁራጩን አንድ ሰዓት ቀቅሉት፤ ከተላቀቀ አይሆንም። የእንጨቱን ዓይነት በስሙ ውሉ ላይ አስጽፉ። የተረከባችሁትንም እንደኔ አታስቀምጡ፤ ቶሎ ፈትኑት።

አሁን ዋንዛውን ራሳችን ገዝተን ለሌላ አናጢ ሰጥተናል። አጎቴ ትናንት ሄደው አይተውታል። የመሪው ሦስት ጣውላ ተጋጥሟል፣ ብሎኑ አልፏል፤ ቀለም ገና አልነካውም።