የኦቨን ማጽጃ ፎም፦ ዘጠኝ ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ

የገዛሁት ጳጉሜ ላይ ነው። ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦ ልጋግር ብዬ ኦቨኑን ባሞቀው ቤቱ በጭስ ታፈነ። ሊጡ ገና አልገባም። የሚጨሰው ካለፈው ፋሲካ የተረፈ የዶሮ አሮስቶ ቅባት ነው። ልጆቹ እያሳሉ መስኮት ከፈትን፣ በር ከፈትን። ጎረቤቴ "ኧረ ምን እየተቃጠለ ነው?" እያለች ደረጃውን ወጣች። በማግስቱ ሱፐርማርኬት ሄጄ አንድ ባለ 500 ሚሊ ሊትር የኦቨን ማጽጃ ፎም ይዤ መጣሁ።

አሁን ግንቦት ነው። እስካሁን አምስት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ኦቨኑ ጸድቷል። እግረ መንገዱን ግን የኬክ መጋገሪያዬን አበላሽቶብኛል፣ የእጄን አንጓም ለብልቦኛል። ሁለቱም የሆኑት በኔ ጥፋት ነው፤ ቢሆንም ልንገራችሁ።

ብራንዱን አልጠራም። ጣሳውን አዙራችሁ ካነበባችሁ፣ ጠንካራ ከሚባሉት የብዙዎቹ ጉልበት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ በዚያ ብር ወር ሙሉ የሚበቃ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይገዛል።

የኔ ስቶቭ ከላይ ሦስት ጋዝና አንድ ኤሌክትሪክ ነው፣ ከታች የኤሌክትሪክ ኦቨን አለው። ስድስት ዓመቱ ነው። ውስጡ ለስላሳ ጥቁር ኢናሜል ነው፤ ብረቱ ላይ የተለበጠ እንደ መስታወት ያለ ሽፋን። ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንዳንድ ኦቨኖች ጎንና ጎናቸው ላይ ሻካራ ሽፋን አላቸው፤ ቅባቱን በሙቀት ራሱ አቃጥሎ የሚጨርስ ነው። ፎም ከነካው አለቀለት። ኦቨናችሁ ሲቀዘቅዝ ጣታችሁን አሳልፉበት። እንደ አሸዋ ወረቀት ከሻከራችሁ ይህ ዕቃ ለእናንተ አይደለም።

ፎሙን ከመግዛቴ በፊት በፈሳሽ ሳሙናና በሽቦ ፈግፍጌው ነበር። ላቤ ጠብ እስኪል። ምንም። ለምን እንዳልለቀቀ የገባኝ በኋላ ነው። የሸክላ ምጣድ ያሟሸ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አዲስ ምጣድ እሳት ላይ ጥደን የተፈጨ ጎመን ዘር እያሸን ደጋግመን እናሟሸዋለን አይደል? ዘይቱ በሙቀት ብዛት እርስ በርሱ ተያይዞ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ቆዳ ይሆናል። እንጀራው የማይጣበቀው በሱ ነው። ኦቨን ውስጥ ያለው ቡናማ ነገርም ዘመዱ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ኦቨኔን ሳሟሸው ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ኮስቲኩ ይህን ቆዳ ቀስ በቀስ ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። የምሬን ነው፤ ቅባትና ኮስቲክ ሶዳ ሲገናኙ የሚወጣው ሳሙና ነው። ስፖንጁ ላይ የሚመጣው ቡናማ ዝልግልግ ነገር ሲያሹት አረፋ የሚያወጣው ለዚያ ነው። ለእናቴ ይህን በኩራት ሳስረዳት አልተደነቀችም።

"አመድስ ምን የሚሠራ መሰለሽ?" አለችኝ።

ጥላሸት የጠጣ ድስት በአመድ እየፈተገች ያደገች ሴት ናት። ልክ ናት፤ የእንጨት አመድም ውስጡ ቅባት የሚያላቅቅ ነገር አለው። የኮስቲኩን ያህል ጉልበት ግን የለውም። እጅም እንደሱ አይልጥም።

የመጀመሪያው ቀን ግሩም ነበር። ኦቨኑን ከሶኬት ነቀልኩ፣ ወለሉንና ግድግዳውን ፎም አለበስኩ፣ ጣሳው እንደሚለው ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ ጫፍ ገፋ ሳደርገው ቅባቱ እንደ ቀለጠ ቸኮላታ ተጠቅልሎ መጣ። ከሥሩ ያለውን ኢናሜል ካየሁት ዓመታት አልፈዋል። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። አልገረማትም።

ጣሪያው ላይ ግን ተሳሳትኩ። ወደ ላይ ስነፋው ብናኙ ተመልሶ ፊቴ ላይ መጣ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ ዓይኔ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ለጣሪያው ስፖንጅ ላይ ነፍቼ ነው የምቀባው። ሬዚስታንሱን፣ ማለትም የሚግለውን የብረት ዘንግ፣ ደግሞ ጭራሽ አላስነካውም፤ የሱ ቆሻሻ ሲሞቅ ራሱ ይቃጠላል።

ያን ቀን ጓንት አድርጌ ነበር፤ እጅጌዬ ግን አጭር ነው። አንዲት ጠብታ ከጓንቱ በላይ፣ አንጓዬ ላይ አረፈች። መጀመሪያ አያምም። ሙልጭልጭ ይላል ብቻ፣ ሳሙና የነካኝ መሰለኝ። ከደቂቃ በኋላ ማቃጠል ጀመረ። ጎረቤቴ ሎሚ ልታሽልኝ ቸኮለች፣ አስቆምኳት። ሎሚ አይደረግም። አሲድና ኮስቲክ ሲገናኙ ሙቀት ይፈጥራሉ፣ በቁስል ላይ ሌላ ቁስል ነው። ቧንቧ ሥር ሃያ ደቂቃ ያዝኩት። ምልክቱ ሳምንት ቆየ።

የኬክ መጋገሪያው ታሪክ ደግሞ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ፣ ኦቨኑን ከነፋሁት አይቀር ብዬ የአሉሚኒየሙንም መጋገሪያ ነፋሁት። ወዲያው ሽሽሽ የሚል ድምፅ አሰማ። ትንንሽ አረፋ ወጣበት። ሳጥበው የሚያብረቀርቀው ዕቃ አመድማ ጥቁር ሆኖ ጠበቀኝ። ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላል። ጣሳው ላይ በደቃቃ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ያነበብኩት ከጥፋቱ በኋላ ነው።

ማንም የማይነግራችሁ ነገር ውሃው ነው። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ይመጣል። የገና ሰሞን፣ ሐሙስ ይመጣል ብዬ ረቡዕ ማታ ኦቨኑን ፎም አለበስኩት። ሐሙስ አልመጣም። ቤት ያለው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ እሱም ለመጠጥና ለወጥ። ኮስቲክ የነካውን ኦቨን በአንድ እርጥብ ጨርቅ ጠርጎ መተው አይቻልም። ቢያንስ አራት ዙር ጨርቅ እየተለቀለቀ መወልወል አለበት፤ ጨርቁ ሙልጭልጭ ማለቱን እስኪተው። ምን ላድርግ? ልጆቹ እንዳይነኩት የኦቨኑን በር በፕላስተር አሽጌ እስከ ቅዳሜ ጠበቅኩ። ፎሙ ደርቆ ነጭ ቅርፊት ሠራ። እሱን ማስለቀቅ ከቅባቱ በላይ አደከመኝ። አሁን ሁለት ጀሪካን ሙሉ ሳላይ ጣሳውን አልነካም።

ከገና በኋላ ቀለል ወዳለው መንገድ ዞርኩ፤ ቤኪንግ ሶዳ። ልጄን ሱቅ ላክኋት፣ ቤኪንግ ፓውደር ይዛ መጣች። ባለሱቁ "ያው ነው" ብሏት። ያው አይደለም! ፓውደሩ ውስጥ አሲድና ስታርች አለበት፤ ኦቨን ላይ ብትቀቡት ሊጥ ነው የሚሆነው። ዋናው ሶዳ ሲገኝ ሦስት ማንኪያ በትንሽ ውሃ ለውሼ ወለሉ ላይ ቀባሁት፣ አሳደርኩት። ጠዋት በእርጥብ ስፖንጅ ሳነሳው አዲስ ጠብታዎቹን ይዟቸው መጣ። ጥግ ላይ የቀረውን አሮጌ ቆዳ ግን ንቅንቅ አላደረገውም።

አቼቶ ከሶዳው ጋር ቀላቅሉ የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ። ሲፍለቀለቅ ደስ ይላል፣ እሱ ግን ጋዝ ነው። ሁለቱ ተጣልተው አንዱ የሌላውን ጉልበት ይገድላል፤ የሚተርፋችሁ ደካማ የጨው ውሃ ነው። አቼቶ የሚጠቅመው መጨረሻ ላይ፣ ሶዳው የተወውን ነጭ ዱቄት ለመጥረግ ነው። በረኪና የሚጨምሩም አይቻለሁ። በረኪናና አቼቶ ወይም ሎሚ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በተለይ እንደኛ በምትጠብ ኩሽና ውስጥ አይሞከርም።

የበሩን መስታወት በተመለከተ ፎሙ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ከውስጥ በኩል ያለውን ፊት አንጸባረቀው። ሁለቱ መስታወቶች መካከል የወረደው ቡናማ እንባ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። ጣሳው ምንም አይረዳም። አንድ እሁድ ካቻቢቴ ይዤ የበሩን ሁለት ብሎን ከላይ ፈታሁ፣ የውስጡን መስታወት አወጣሁ፣ በሳሙና ውሃ አጥቤ መለስኩት። ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው እሱ ነው፤ ድፎው ሲነፋ አሁን በር ሳልከፍት አየዋለሁ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ። የሷ ኦቨን ራሱን ያጸዳል፤ በሩን ቆልፎ ወደ 480 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይግልና ቆሻሻውን አመድ ያደርገዋል። እሷ አመዱን መጥረግ ብቻ ነው። "የጭስ አላርሙ ግን ሕንፃውን ያስነሳል" አለችኝ። የኛ ሰፈር መብራት ያን ያህል ሰዓት ይቆይልኝ ይሆን ብዬ አልመለስኩላትም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አራተኛውን ዙር አጸዳሁት። 55ቱን ቀን ዳቦና ድንች ብቻ ሲጋገርበት ምንም አልቆሸሸም። ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን ግን ላዛኛው ገንፍሎ፣ የዶሮው ቅባት ተፈናጥሮ፣ ወለሉ ወደ ድሮው ተመለሰ። ይህን ጊዜ ግን አላሳደርኩትም። ኦቨኑ ለብ ሲል በእርጥብ ጨርቅና በሶዳ አነሳሁት፤ ለፎሙ የቀረው ሥራ የአሥር ደቂቃ ነበር።

ስለዚህ እንደገና እገዛዋለሁ? አዎ፣ ግን በየወሩ አይደለም። ዓመታት ለቆየ ቅባት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ኦቨናችሁ አዲስ ከሆነ ወይም የሚጋገርበት ዳቦ ብቻ ከሆነ ብራችሁን አታባክኑ፤ ሶዳው ይበቃል። አስም ያለበት ሰው ወይም የሚዳህ ሕፃን ቤት ካለ ደግሞ እኔ አልገዛውም ነበር። ካጸዳችሁ በኋላም ምግብ ከመክተታችሁ በፊት ባዶውን፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ግማሽ ሰዓት አንድዱት። መጀመሪያ ትንሽ ይሸታል፤ ከዚያ ይጠፋል።

ጣሳው ስነቀንቀው አሁን ቀሎኛል። ለጳጉሜ አንድ ዙር የሚበቃ ይመስለኛል። ከኋላ በግራ ጥግ፣ ከሬዚስታንሱ ሥር፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቡናማ ነጥብ አለች። አምስት ጊዜ ነፍቼባት አምስት ጊዜ እምቢ ብላለች። ትቻታለሁ።