ሉካ ወይስ ሳን ጂሚኛኖ? ልጅና አያት ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ

ጣሊያን፣ ፍሎሬንስ ሰንብታችሁ በግንብ ለታጠረ የድሮ ከተማ የተረፋችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ምርጫው ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ጋ ይደርሳል። እኛ ሁለቱንም አይተናል። የአምስት ዓመት ሕፃን፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅና ጉልበቷን የሚያማት እናቴ አብረውን ነበሩ።

ከመንገዱ ልጀምር። ወደ ሉካ ከፍሎሬንስ ቀጥታ ባቡር አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከጣቢያው ስትወጡ ግንቡ ፊት ለፊታችሁ ነው። የወረቀት ትኬት ከቆረጣችሁ ሳትሳፈሩ ጣቢያው ውስጥ ባለችው ማሽን አስመቱት፤ አለዚያ ያስቀጣል። ሳን ጂሚኛኖ ባቡር አይደርስም። ፖጂቦንሲ የሚባል ጣቢያ ከባቡር ወርዳችሁ አውቶቡስ ትይዛላችሁ። እዚያ ምሰሶው ላይ «ፌርማታ» የሚል ጽሑፍ አንብቤላት እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም። መኪና ከተከራያችሁ በሁለቱም ከተማ ከግንቡ ውጭ አቁሙ። ወደ መሀል የሚገባ መኪና ካሜራ ያነሳዋል፤ ቅጣቱ ቤት ድረስ ይመጣል።

የሉካ ግንብ የሚታይ ብቻ ሳይሆን ላዩ ላይ የሚዋልበት ነው። በ1500ዎቹና በ1600ዎቹ መድፍ እንዲመክት ተብሎ ስለተሠራ እስከ 30 ሜትር ይሰፋል። ዛሬ ላዩ ዛፍ የተተከለበት መናፈሻ ነው፤ ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ መግቢያውም ነፃ። በ1812 የሰርኪዮ ወንዝ ሲሞላ በሮቹ ተዘግተው ከተማዋን ከጎርፍ ያዳናት ይኸው ግንብ ነው። አራት ጎማ ያለው የቤተሰብ ብስክሌት ተከራይተን እናቴን መሀል አስቀመጥናት። ጥላው ሥር እየነፈሰባት፣ በግራዋ የሰው ጓሮና የተሰጣ ልብስ፣ በቀኟ ሜዳ። ከተማውም ሜዳ ስለሆነ ጉልበቷን አልፈተናትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጠርዙ ላይ ከለላ የሌለበት ቦታ አለ። የሕፃን እጅ አይለቀቅም።

ሳን ጂሚኛኖ ኮረብታ ላይ ነው፤ ዳገቱ ከበሩ ይጀምራል። ጋሪ የሚገፋ ሰው ድንጋዩ ያማርረዋል። ለትልቁ ልጄ ግን ሉካን አስረሳው። በመካከለኛው ዘመን ሀብታም ቤተሰቦች እየተፎካከሩ ካቆሟቸው 70 ገደማ ማማዎች ዛሬ 14ቱ አሉ። ረጅሙ፣ ቶሬ ግሮሳ፣ 54 ሜትር ነው፤ እላይ ድረስ ይወጣል። እናቴ ደግሞ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቁጭ አለች። ግድግዳው በአንድ በኩል ብሉይ ኪዳን፣ በሌላው አዲስ ኪዳን ተስሎበታል፣ ልክ እንደኛ አገር ቤተ ክርስቲያን። ኖኅ መርከቡን ሲያሠራ፣ እንስሳቱ ሲገቡ። ጣሊያንኛ አላስፈለጋትም፤ ለሕፃኑ በጣቷ እያሳየች ሙሉውን ተረከችለት።

ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ካላችሁ ሉካ ሂዱ፤ እዚህ ላይ አላመነታም። ልጆቻችሁ ከፍ ካሉና ሁላችሁም ዳገት ከቻላችሁ ሳን ጂሚኛኖ ይሻላል። መኪና የያዘ ሰው ሞንቴሪጆኒ የምትባለውን ትንሽ የግንብ ከተማም መጨመር ይችላል። የሲየና ከተማ ሰዎች በ1200ዎቹ የሠሯት ናት፣ የግንቡ ዙሪያ 570 ሜትር ብቻ ስለሆነ አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

አንድ ሌሊት ለማደር አቅም ካላችሁ ግን ሳን ጂሚኛኖ እደሩ። ቀን ላይ መንገዱ በአስጎብኚ ቡድን ይጨናነቃል። ማታ አውቶቡሶቹ ሲሄዱ አደባባዩ ጭር ይላል፣ ልጆች መሀሉ ላይ ባለው የድሮ የውኃ ጉድጓድ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ጀላቶ ይበላሉ።