አባ ናይትሮጅን፦ ባለ 20 ሊትሩ ታንኬ ከ14 ወር በኋላ

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ያገለገለ ባለ 20 ሊትር የፈሳሽ ናይትሮጅን ታንክ በ550 ዶላር ገዛሁ። የምኖረው ቴክሳስ ነው። ሁለት ባዝራዎች አሉኝ። ዳማ የምለው ድንጉላም ነበረኝ። ነበረኝ ያልኩት ሞቶ አይደለም፣ ስንጋ ሆኖ ነው። አጥር እየሰበረ ከጎረቤት ሲያጣላኝ አስኮላሸሁት። ከዚያ በፊት ግን ዘሩን አስወስጄ አስቀዘቀዝኩት። ታንኩም የተገዛው ለእሱ ነው።

ድሮ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው። እኔን ጓደኞቼ አባ ናይትሮጅን ይሉኛል። ዘመኑ ነው።

አገር ቤት ሳለሁ የላም አዳቃይ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ስለዚህ ታንክ ብርቄ አይደለም። የፈረስ ነገር ግን ሌላ ነው። ላም ላይ አንዲት 0.25 ሚሊ ሊትር ስትሮ (የቀዘቀዘው ዘር ያለባት ቀጭን ቱቦ) ይዘህ ትሄዳለህ፣ አለቀ። የፈረሱ ስትሮ 0.5 ሚሊ ሊትር ነው፣ ያውም ለእኔ የተነገረኝ ለአንድ ጊዜ ማዳቀል ስምንት ስምንት እንድጠቀም ነው። ከዳማ ሁለት ጊዜ ተወስዶ 88 ስትሮ ወጣ። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ሲካፈል 11 ጊዜ ብቻ ነው።

ዘሩ የተወሰደበትና የቀዘቀዘበት ማዕከል ውስጥ ቆሜ አይቻለሁ። ፈሳሹ ይጣራል፣ በወተት በተሠራ ማቅጠኛ ይበረዛል፣ በማሽን ይሽከረከራል። ከላይ የቀረው ይደፋና የእንቁላል አስኳልና ግሊሰሪን ያለበት የማቀዝቀዣ ድብልቅ ይጨመርበታል። ስትሮዎቹ መጀመሪያ የሚቀዘቅዙት በናይትሮጅኑ ጭስ ነው። ወደ ፈሳሹ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ስትሮ ቀልጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወደፊት የሚዋኘው 38 በመቶ ነበር። ለፈረስ ደህና ነው አሉኝ። የብዙ ድንጉላ ዘር ቅዝቃዜ አይወድም፣ ፈረሱ ስላማረ ብቻ ዘሩ ቅዝቃዜ ይችላል ማለት አይደለም።

ሴት ውርንጭላ እፈልግ ስለነበር «ወንዱንና ሴቱን ለዩልኝ» ብዬም ነበር። ሳቁብኝ ማለት ይቻላል። የሚለየው ማሽን እያንዳንዷን ሴል በቀለም ነክሮ በጨረር ይመዝናል። ሴት የምትሰጠዋ በፈረስ 4 በመቶ ያህል የበለጠ ዲኤንኤ አላት። ለላም ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሴል የያዘ ስትሮ ይበቃል። ለፈረስ በመቶ ሚሊዮኖች ነው የሚቆጠረው። በሰከንድ 5,000 ቢለይ እንኳ 200 ሚሊዮን ለማግኘት 11 ሰዓት ማሽኑ ሥር መቀመጥ ነው። በዚያ ላይ ተለይቶ የቀዘቀዘው ይደክማል። ተውኩት።

ወደ ታንኩ። ባዶውን 12 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሲሞላ ደግሞ 28 ይጠጋል። ብቻዬን ማንሳት ትቻለሁ፣ ወገቤን እወዳለሁ። ውስጡ ስድስት ካኒስተር፣ ማለትም ስትሮዎቹ የሚቀመጡባቸው ባለ እጀታ ጣሳዎች፣ አለው። አንገቱ ጠባብ ነው፣ 5 ሳንቲ ሜትር። መጀመሪያ ጥበቱን ጠልቼው ነበር። አሁን በጣም የምወድለት እሱን ነው፣ ምክንያቱም ናይትሮጅን የሚያመልጠው በአንገት ነው።

ወረቀቱ በቀን 0.1 ሊትር ይተናል ይላል። የእኔ 0.13 ነው፣ እየከፈትኩ ስለምዘጋ። በየሰባት ሳምንቱ አስሞላለሁ፣ አንድ ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዶላር ያስወጣኛል። ጌጅ የለውም፣ ማንቂያ ደወልም የለውም። የምለካው በእንጨት በትር ነው። እታች ድረስ ከትቼ አሥር ሰከንድ ቆይቼ አወጣዋለሁ፣ አየር ላይ ሳወዛውዘው አመዳዩ የት እንደደረሰ ያሳያል። ቧንቧ እንዳትከቱ። ፈሳሹ በውስጡ ተስፈንጥሮ ፊት ላይ ይመጣል።

ግንቦት ላይ ያደረግኩትን ልናገር። ማዕከሉ ስምንት ስምንቱን ስትሮ በየዘንጉ አድርጎ ሰጥቶኛል፣ አንድ ዘንግ ለአንድ ጊዜ። ጥሩ አሠራር ነው፣ እናንተም ጠይቁ። እኔ ግን በየትኛው ካኒስተር የትኛው ዘንግ እንዳለ አልጻፍኩም ነበር። ካኒስተሩን ከአንገቱ በላይ አውጥቼ በባትሪ መፈለግ ጀመርኩ። ስልክ ጮኸ። ሃያ ሰከንድ ይሆናል። ስትሮዎቹ -196 ላይ ነበሩ፣ የቴክሳስ ግንቦት ደግሞ ግንቦት ነው። ያን ቀን የቀለጠውን ባዝራዎቼን የምታዳቅልልኝ የእንስሳት ሐኪም በማይክሮስኮፕ ስታየው የሚዋኘው ከ10 በመቶ በታች ነበር። ባዝራዋም አልያዘችም። ሐኪሟ በየስድስት ሰዓቱ በአልትራሳውንድ ስታያት፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሳይቀር መጥታ ያደረገችው ድካም ሁሉ በእኔ ሃያ ሰከንድ ቀረ። አገር ቤት ስንት ዓመት «አንገቱ ውስጥ ካለው የአመዳይ መስመር በላይ አታውጡ» እያልኩ ሌላውን ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

አሁን የካኒስተሮቹ ዝርዝር ታንኩ ላይ ተለጥፏል። ካኒስተሩ ከአንገቱ አይወጣም። በስምንት ሰከንድ ዘንጉን ካላገኘሁ እመልሰውና እንደገና እጀምራለሁ። ስልኩ ቤት ይቀራል።

የታንኩ የራሱ ጥፋት የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። አንድ ጠዋት አንገቱ ዙሪያ በረዶ አየሁ። ቫኪዩሙ (በታንኩ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለው አየር የለሽ ክፍተት) ሞተ ብዬ ልቤ ቆመ። ቫኪዩም ከሞተ ታንኩ በአንድ ሁለት ቀን ባዶ ይሆናል። እዚያው ሐኪሟ ጋ ደውዬ ስትሮዎቹን ወደ እሷ ታንክ አዛወርን። ኋላ ሲታይ ከክዳኑ ሥር ያለው የፎም ቡሽ ተሰንጥቆ ነው። ሻጩ ለጥሪዬ የመለሰው በአራተኛው ቀን ነው፣ ያውም «ሲሸጥ ደህና ነበር» ለማለት። አዲስ ቡሽ ከሌላ ቦታ ገዛሁ፣ በረዶው ጠፋ። ያገለገለ ታንክ ከገዛችሁ መጀመሪያ ቡሹን አይታችሁ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሞልታችሁ ለክታችሁ ነው ዘር ማስገባት። እኔ ሦስት ቀን ነው የጠበቅኩት።

ጋራዥ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ በሩ ሁሌ ትንሽ ክፍት ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል፣ ሽታ የለውም፣ ኦክስጅኑን ገፍቶ ሰው ይጥላል። ሳስሞላም በፒክአፕ ከኋላ አስሬ ነው የምወስደው።

ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ዝርያ ያላችሁ ይሄን ሁሉ ማንበብ አያስፈልጋችሁም፣ የዝርያው መዝገብ በሰው ሰራሽ ማዳቀል የተወለደ አይቀበልም። ኳርተር ሆርስ የሚባለው ዝርያ መዝገብ ይቀበላል፣ ወረቀቱን ግን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

እንደገና እገዛዋለሁ ወይ? ታንኩን አዎ፣ ከዚያ ሻጭ አይ። 150 ዶላር ጨምሬ ማንቂያ ያለው ክዳን ባገኝ ደግሞ እንቅልፌ ይመለሳል።

እስካሁን አራት ጊዜ አዳቅለን ሁለት ይዟል። የመጀመሪያዋ ባዝራ ሚያዝያ ላይ በአንድ ጊዜ ያዘች፣ መጋቢት ላይ ወለደች። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነው፣ ወንድ። ሁለተኛዋ ሰኔ ላይ ትደርሳለች። ታንኩ ውስጥ 56 ስትሮ አለ። ዛሬ ጠዋት በትሩ 28 ሳንቲ ሜትር አሳይቷል፣ ቅዳሜ አስሞላለሁ።