የላምዳ ዲኤንኤ ማሸጊያ ኪት፦ ምን ይሠራል፣ ለማንስ ይጠቅማል?

ረዘም ያለ የዲኤንኤ ቁራጭ ወደ ባክቴሪያ አስገብተው የክሎን (አንድን ቁራጭ ተሸክሞ የሚያባዛ የባክቴሪያ መንጋ) ስብስብ ማዘጋጀት ለሚፈልጉ ቤተ ሙከራዎች ከሚቀርቡት ዝግጁ ምርቶች አንዱ የላምዳ ማሸጊያ ኪት ነው። በትንንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ፣ በደረቅ በረዶ ተከብቦ የሚላክ ሲሆን፣ ሲያዩት ከደፈረሰ ፈሳሽ የተለየ ነገር የለውም። በውስጡ ያለው ግን ላምዳ የተባለው ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ራሱን በሚገጣጥምበት ጊዜ ዲኤንኤውን ወደ ቅርፊቱ የሚያስገባበት የፕሮቲን መሣሪያ ነው። ምርቱን የሚያቀርቡት ድርጅቶች ከአንድ በላይ ቢሆኑም አሠራሩ በመሠረቱ አንድ ስለሆነ፣ ይህ ግምገማ የሚመለከተው የምርቱን ዓይነት እንጂ አንድን የንግድ ስም አይደለም።

ኪቱን በትክክል ለመመዘን ቫይረሱ ሥራውን እንዴት እንደሚያከናውን ማወቅ ያስፈልጋል። ላምዳ ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ ሲባዛ ዲኤንኤውን ጫፍ ለጫፍ በተቀጣጠለ ረጅም ሰንሰለት መልክ ያመርታል፤ ቅርፊቱ ደግሞ ባዶውን፣ ለብቻው፣ አስቀድሞ ይሠራል። ተርሚኔዝ የተባለው ኢንዛይም በሰንሰለቱ ላይ ኮስ የሚባለውን ቦታ ፈልጎ ይይዝና የዲኤንኤውን ሁለት ክሮች 12 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) አራርቆ ይቆርጣል፤ ከዚያም የቆረጠውን ጫፍ እንደያዘ በቅርፊቱ አንድ ማዕዘን ላይ ካለው መግቢያ ጋር ይጣበቃል፤ የሕዋስ የኃይል ምንጭ የሆነውን ኤቲፒ እየሰባበረም ዲኤንኤውን ወደ ውስጥ ይስባል። ቅርፊቱ እየሞላ ሲሄድ ይሰፋል፤ ዲ የተባለው ፕሮቲንም ከውጭ ተለጥፎ ያጠናክረዋል። ተከታዩ ኮስ ሲደርስ ተርሚኔዝ ዳግም ይቆርጥና ሥራው ይጠናቀቃል። 48,502 ጥንድ ቤዝ ያለው፣ ቢዘረጋ ከ16 ማይክሮሜትር በላይ የሚረዝም ሞለኪውል ስፋቱ 60 ናኖሜትር ገደማ በሆነ ቅርፊት ውስጥ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ፋይ29 በተባለ ሌላ ፋጅ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ) ላይ ተለክቷል፤ በ2001 በታተመው ውጤት መሠረት የማሸጊያው ሞተር የሚቆመው በአማካይ 57 ፒኮኒውተን የሚደርስ ኃይል ሲገታው ነው፤ ይህም አንድ የጡንቻ ማዮሲን ሞለኪውል ከሚያመነጨው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይህን መሣሪያ ከሕዋስ አውጥቶ በቱቦ ውስጥ ማሠራት በ1970ዎቹ የተገኘ ዘዴ ሲሆን፣ ባርባራ ሆን እና ኬኔት መሪ በ1977 ያሳተሙት ሥራ ለክሎን ዝግጅት በር ከፍቷል። የዘዴው ብልሃት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሁለት የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ይዘጋጃሉ፤ አንደኛው የቅርፊቱን ዋና ፕሮቲን መሥራት ስለማይችል ሌሎቹን ክፍሎች ብቻ ያከማቻል፤ ሁለተኛው ዲ ስለሚጎድለው ባዶ ቅርፊቶችን ያከማቻል እንጂ ሙሉውን ዲኤንኤ ተሸክሞ የሚጸና ቅርፊት አይወጣውም። ለየብቻቸው ከንቱ የሆኑት ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ከአንድ ዝርያ ብቻ የሚዘጋጁት ኪቶች ደግሞ የነባሩን ቫይረስ ኮስ አስወግደው የራሱ ዲኤንኤ እንዳይታሸግ ያደርጋሉ። ካልተፈለገ ፋጅ የጸዳ ውጤት ስለሚሰጡ ምርጫዬ እነዚህ ናቸው።

የምርቱ ትልቁ ብቃት መጠን መምረጡ ነው። በሁለት ኮሶች መካከል ያለው ርቀት ከ37 እስከ 52 ኪሎቤዝ (አንዱ ኪሎቤዝ ሺህ ጥንድ ቤዝ ነው) ገደማ ካልሆነ በቀር ባክቴሪያን መውረር የሚችል ፋጅ አይገኝም፤ በመካከል ያለው ቅደም ተከተል የማን እንደሆነ ግን መሣሪያው አይጠይቅም። በ1978 የቀረቡት ኮስሚዶች በዚሁ ጠባይ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ኮስን የተሸከመው ፕላዝሚድ (በባክቴሪያ ውስጥ ለብቻው የሚባዛ ክብ ዲኤንኤ) ትንሽ ስለሆነ፣ ወደ 40 ኪሎቤዝ የሚጠጋ ባዕድ ዲኤንኤ ያልያዘ ቁራጭ ራሱ ቫይረሱ ይጥለዋል። ከዚህ የተነሣ ባዶ ክሎን ማጣራት የሚባለው አድካሚ ሥራ በእጅጉ ይቀላል።

ከኪቱ ጋር የሚመጣው መመሪያ ግን ትእዛዝ እንጂ ምክንያት አይሰጥም፤ ቅሬታዬም እዚህ ላይ ይጀምራል። ለምሳሌ ዲኤንኤውን ሊጌዝ በተባለው ጫፎችን የሚያገናኝ ኢንዛይም ሲያያይዙ ክምችቱ ከፍ ያለ እንዲሆን ያዛል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አንድ ኮስ ብቻ ያለው ክብ ሞለኪውል በሚገባ አይታሸግም፤ ተርሚኔዝ የሚፈልገው በተፈጥሮ እንደለመደው የተቀጣጠለ ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለት የሚበዛውም ክምችቱ ሲወፍር ነው። እንደ ቲ4 ያሉት ፋጆች ቅርፊታቸው እስኪሞላ ጭነው የትም ቦታ ይቆርጣሉ፤ ላምዳ ግን ሁለተኛውን ኮስ ሳያገኝ አይጨርስም። ይህን አንድ አንቀጽ መጻፍ ለአምራቹ ምን ይከብደዋል? በአንዳንድ የሊጌዝ ድብልቆች ውስጥ ያለው ፖሊኢቲሊን ግላይኮል እሸጋውን እንደሚያውክ መግለጽም እንዲሁ ከፊት ገጽ መሆን ሲገባው በግርጌ ይቀራል።

ሁለተኛው ቅሬታ የማስታወቂያውን ቁጥር ይመለከታል። በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው በአንድ ማይክሮግራም እስከ 1 ቢሊዮን ፕላክ (ፋጁ ባክቴሪያዎችን ገድሎ የሚተወው ጥርት ያለ ነጥብ) የሚለው አኃዝ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የተለካው ባልተነካ የላምዳ ዲኤንኤ ነው። ቆርጠው ዳግም በሊጌዝ ባገናኙት ዲኤንኤ ውጤቱ መቶ ወይም ሺህ ጊዜ ቢያንስ የሚያስገርም አይደለም። ገዢው ዕቅዱን በዚያ ትልቅ ቁጥር ላይ መመሥረት የለበትም።

አጠቃቀሙ አጭር ቢሆንም ጥንቃቄ ይሻል። ቱቦዎቹ ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ አካባቢ መቀመጥ አለባቸው፤ ቀልጠው ዳግም ከበረዱ ኃይላቸው ይጠፋል። ዲኤንኤው ሲጨመር አረፋ ሳያስነሱ በቀስታ ማማሰል እንጂ በመንቀጥቀጫ መሣሪያ መምታት ተገቢ አይደለም። እንደ አምራቹ መመሪያ በ22 ወይም በ30 ዲግሪ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል። የሚወረረው ባክቴሪያ ማልቶዝና ማግኒዥየም ባለበት መብቀል አለበት፤ ላምዳ የሚጣበቅበት የገጽ ፕሮቲን የሚበዛው ማልቶዝ ሲኖር ነውና። ከእንስሳት ወይም ከዕፅዋት የተገኘ፣ ሜቲል (በቤዞች ላይ የሚለጠፍ ትንሽ የኬሚካል ምልክት) የበዛበት ዲኤንኤ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ኪቱም ተቀባዩ ባክቴሪያም ሜቲል ያለበትን ዲኤንኤ ከሚቆርጡ ኢንዛይሞች ነፃ መሆናቸውን ሳያረጋግጥ መግዛት የለበትም።

ጥቂት ኪሎቤዝ ብቻ ለሚያስገባ ሰው ይህ ምርት አላስፈላጊ ወጪ ነው፤ ተራ ፕላዝሚድ ይበቃዋል። ከ100 ኪሎቤዝ በላይ የሚፈልግም ረጅም ቁራጭ በባክቴሪያ ውስጥ ወደሚሸከመው ወደ ባክቴሪያ ሰው ሠራሽ ክሮሞሶም ቢሄድ ይሻላል። በ40 ኪሎቤዝ አካባቢ እኩል መጠን ያላቸው ብዙ ክሎኖች ለሚፈልግ ግን ያለማመንታት እመክረዋለሁ፤ ከአንድ ዝርያ የተዘጋጀውን ይምረጥ፤ ዋናውን ናሙና ከማባከኑ በፊትም አብሮ በሚመጣው መፈተሻ ዲኤንኤ አንዱን ቱቦ ይሞክር፤ በጉዞ ላይ ሙቀት የነካው ጭነት የሚታወቀው በዚህ ነው።