«ቴስታታ ይውረድ» ከተባልኩ በኋላ የሄድኩበት ራዲያተር ቤት

አዲስ አበባ፣ ሳሪስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ኮብልስቶን ዳገት ላይ አንድ ራዲያተር ቤት፣ ማለትም የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ዕቃ የሚጠገንበት ቤት፣ አለ። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ የተንጠለጠለው የተቀጠቀጠ ራዲያተር ነው ታፔላው። ስሙን ልጽፍ ብዬ ባለቤቱን ሳስፈቅዳቸው «ተይኝ ልጄ፣ ያለው ሥራም አላስተኛኝ» ብለው ከለከሉኝ። እሺ፣ አልጽፍም። የሠሩልኝን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። እሳቸው ጋ ከመድረሴ በፊት ሦስት ጋራዥ ዞሬ፣ ብሬን ረጭቼ፣ መኪናዋ ያው መሞቋን አልተወችም ነበር።

መኪናዋ የአባቴ ናት። ሃይሉክስ ደብል ጋቢና፣ በፈረንጅ 1994 የተሠራች፣ 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት። ቱርቦ የላት፣ ኮምፒውተር የላት። እንዲህ ያለች መኪና ስትታመም ማሽን ሰክቶ ስህተቱን ማንበብ የሚባል ነገር የለም። ወይ የሚያስብ ሰው ታገኛላችሁ፣ ወይ ዕቃ እየቀያየራችሁ ትኖራላችሁ።

ችግሩ የጀመረው አባይ በረሃ ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ ስመለስ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ጀመርኩ። መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ከወንዙ እስከ ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወጣው፣ የታችኛው ሙቀት ደግሞ ሌላ አገር ነው። ከፊቴ ከባድ ጭነት የያዘ መኪና በአንደኛ ማርሽ ይንፏቀቃል፣ ማለፍ አይቻልም፣ የሙቀት ጌጁ ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ይሄዳል። ዳር ይዤ ቆምኩ። ኮፈኑን ስከፍት ውሃው በትርፍ ውሃ መያዣው በኩል እየፈላ ይወጣል። አንድ ልጅ ሮጦ መጥቶ ሃይላንድ ውሃውን ሞተሩ ላይ ሊያፈስ ሲል በጩኸት ነው ያስቆምኩት። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ሞተር ላይ ማፍሰስ ደህናውን ቴስታታ፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚገጥመውን የሞተር ክፍል፣ መሰንጠቅ ነው። የራዲያተሩን ክዳንም ትኩስ እያለ አትክፈቱ፣ ፊት ነው የሚልጠው። አርባ ደቂቃ ቆሜ፣ ውሃ ሞልቼ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ከፍቼ፣ እየቆምኩ እየተነሳሁ ጎሃ ጽዮን ደረስኩ። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ የሞተሩን ሙቀት ይቀንሳል። እኔ ግን ተቀቀልኩ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ተርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ዕቃ፣ አውጥቶ ጣለው። «ይሄ ለፈረንጅ ብርድ ነው እህቴ፣ እኛ አገር ምን ያደርጋል?» ከተማ ውስጥ እውነትም ቀዘቀዘች። እንዲያውም ከልክ በላይ፤ ጠዋት ለመሞቅ ዘመን ትፈጃለች፣ ናፍጣም ትጠጣለች። ዳገት ላይ ግን ባሰባት። ሁለተኛው የውሃ ፓምፑንና ቺንጋውን ቀየረ። አሮጌውን ፓምፕ ተቀብዬ ለሌላ ሰው አሳየሁት፣ ምንም አልነበረበትም። ሦስተኛው የሞቀ ሞተር ላይ ክዳን ከፍቶ፣ ነዳጅ ረግጦ፣ ውሃው ሲገነፍል አይቶ ፈረደ። «ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ቴስታታ ይውረድ።» ጓርኒሲዮን የሚሉት ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ ነው። 85,000 ብር። ቴስታታው ተሰንጥቆ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ሒሳብ። የዚህ ሞተር ቴስታታ በመሰንጠቅ ስሙ የሚነሳ ስለሆነ እኔን ማስፈራራት አልከበደውም። ልስማማ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ጎረቤቴ ታክሲ ይነዳል። «ከማስከፈትሽ በፊት ሳሪስ ላሉት ሰውዬ አሳዪአቸው» አለኝ።

የሳቸው ምርመራ የጀመረው በጥያቄ ነው፣ እጃቸው ገና ኮፈን ሳይነካ። ቆማ ነው የምትሞቀው ወይስ ዳገት ላይ? ማታ ሞልተሽ ብታድሪ ጠዋት ስንት ይጎድላል? ዘይቷ ማኪያቶ መስሎ ያውቃል? ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ አላት? ለምን እንደሚጠይቁ እየነገሩኝ ነበር። መንገድ ዘግቶ ቆማ የምትሞቅ መኪና መጀመሪያ የምታስጠረጥረው ቬንትሌተሯን፣ በራዲያተሩ በኩል ነፋስ የሚስበውን ፋን፣ ነው፤ በደህና ፍጥነት ስትሄድ ነፋሱ ራሱ ያግዛል፣ ስትቆም ግን ከቬንትሌተሩ ሌላ ነፋስ የለም። በጭነትና በዳገት የምትሞቅ ከሆነች ደግሞ ራዲያተሩ የተሰጠውን ሙቀት መጣል አቅቶታል። የኔዋ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ነበረባት።

ከዚያ «ቁልፉን ስጪኝና ሂጂ፣ ጠዋት ነዪ» አሉኝ። ተናደድኩ። በማግስቱ ነው የገባኝ። ጓርኒሲዮን ደህና መሆኑ የሚለየው ባደረ ሞተር ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ በደቂቃ ውስጥ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ውሃው ገና አልሞቀምና ያንን ግፊት ያመጣው ከሲሊንደር ያመለጠ ጋዝ ነው። የሞቀ ሞተር ቱቦ ግን ሁልጊዜም ጠጣር ነው፣ ምንም አይነግራችሁም። አስነስተው እጄን ይዘው ቱቦውን አስጨበጡኝ። ለስላሳ።

ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ብርጭቆ የራዲያተሩ አፍ ላይ ደቅነው አየሩን ሳቡበት። የቃጠሎ ጋዝ ካለ ቀለሙ ይለወጣል። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። የእጅ ፓምፕ ገጥመው ግፊት ሞሉበት፤ በሩ ላይ ካለችው ቡና ሻጭ አንድ አንድ ጠጥተን ስንመለስ መርፌው ንቅንቅ አላለም፣ ስለዚህ የሚያፈስ ቦታም የለም። «ጓርኒሲዮንሽ ደህና ነው» አሉ። በሕይወቴ ከጠጣሁት ቡና ሁሉ ያተረፈኝ ያ ነው።

ቀጥሎ ክዳኑ። እኔ ክዳን ውሃ እንዳይፈስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ላዩ ላይ 0.9 ተጽፎበታል፣ እስከዚያ ግፊት ድረስ መያዝ አለበት ማለት ነው። መለኪያ ላይ ሲያስሩት 0.3 ላይ ለቀቀ። የአዲስ አበባ ከፍታ ነገሩ ውስጥ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፣ እኔን በጣም የገረመኝም ይኼ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ 92 ገደማ ላይ ይፈላል፤ ባቄላ አልበስል የሚለን ለዚህ ነው። ተርሞስታቱ ደግሞ የሚከፈተው 82 ላይ ነው። ክዳኑ ግፊት ጭራሽ ካልያዘ በጤናማ ሙቀትና በመፍላት መሀል ያለው ልዩነት 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ደህና ክዳን ሲኖር ግን ውሃው 110 አልፎም አይፈላም። ጅቡቲ ላይ እንደምንም የሚያዘግም የደከመ ክዳን እኛ ጋ ሲደርስ ይገነፍላል። የሦስተኛው ጋራዥ ምርመራም ሲታሰብ ያስቃል፤ የሞቀ ሞተር ክዳን ከፍተህ ውሃው ባይገነፍል ነበር የሚገርመው!

ክዳኑ ግን ዋናው ጥፋተኛ አልነበረም። ሞተሩን አሙቀው ሽጉጥ በሚመስለው የሙቀት መለኪያ የራዲያተሩን ፊት ስንዝር በስንዝር ለኩት። ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መቀዝቀዝ ነበረበት። የኔው መሀሉ ይፋጃል፣ ቀኝ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ቀዝቃዛ። ውሃ አያልፍበትም። አውርደው የላይኛውን ታንክ በእሳት ሲከፍቱት ሲሶው ተደፍኗል። ግማሹ ነጭ የውሃ ድንጋይ ነው፣ የዓመታት የቧንቧ ውሃ። ግማሹ ግን ቡናማ ጭቃ። «ይሄ የማሸጊያ ዱቄት ነው፣ ማነው የጨመረው?» አሉኝ።

አባቴ ጋ ደወልኩ። «እንዴ፣ ያኔ ትንሽ ታፈስ ነበር እኮ…» አለ። መቼ? «እኔ እንጃ፣ ቆይቷል። ግን ሠርቶ ነበር!» አዎ ሠርቷል። የሚያፈሰውን ደፍኖ፣ የማያፈሰውንም ደርቦ ደፈነው።

ቀጭን ብረት እያስገቡ ረድፍ በረድፍ ጠረጉት። ሙሉ ቀን ፈጀ። ከዚያ ታንኩን በስታኞ (በሚቀልጥ የብየዳ ቆርቆሮ) መልሰው በየዱት። ይኼ የሚቻለው አሮጌው የመዳብ ራዲያተር ስለሆነ ነው፣ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ የሆነው እንዲህ አይከፈትም። እኔ አዲስ ልግዛ ብዬ ነበር። «መዳብ ይዘሽ ምን ያስገዛሻል?» አሉኝ። አዲስ ቢሸጡልኝ ከጠረጋው የበለጠ ያገኙ ነበር፣ ልብ በሉ።

ሌላው ግኝት ትንሽ ያሳፍራል። ከራዲያተሩ ጀርባ አራት ባዶ የብሎን ቀዳዳ አሳዩኝ። ቬንትሌተሩን የሚከበው የፕላስቲክ ሽፋን የለም። አንዱ መካኒክ ሥራ ሲሠራ አውልቆ፣ መመለሱ ሰልችቶት ጥሎታል። ያ ሽፋን ጌጥ አይደለም፤ እሱ ከሌለ ቬንትሌተሩ በራዲያተሩ በኩል በመሳብ ፈንታ እዚያው በዙሪያው ያለውን የሞተር ሙቀት ያሽከረክራል። ከጭነት መኪና ኋላ በአንደኛ ማርሽ ስትወጡ ደግሞ ሌላ ነፋስ የላችሁም። ሱማሌ ተራ ሄጄ ግማሽ ቀን ዞሬ ያገለገለ አገኘሁ፣ አንድ ጆሮው የተሰበረ፣ በሽቦ ይዞታል።

ተርሞስታቱም ተመለሰ። «የሌለ ዕቃ እንዴት ያሞቃል?» ብዬ ተከራክሬ ነበር። የዚህ ሞተር ተርሞስታት ሲከፈት በታችኛው ጫፉ ሌላ አጭር መንገድ ይዘጋል። ጭራሽ ሲወጣ ያ መንገድ ክፍት ይቀራል፣ ከትኩሱ ውሃ የተወሰነው ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ለዚህ ነው ከተማ ውስጥ በርዷት ዳገት ላይ የባሰባት። አዲሱን ከመግጠማቸው በፊት ድስት ውስጥ ቀቅለው ሲከፈት አሳዩኝ። ሳጥኑ ላይ ኦሪጅናል ስለተባለ ብቻ አያምኑም፣ ልክ ናቸው።

ሲሞሉ መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዙረው፣ ማሞቂያውን ከፍተው፣ አየሩ እስኪወጣ ጠበቁ። ኩላንት ግማሽ፣ የተጣራ ውሃ ግማሽ። እኛ ጋ ውሃ በረዶ አይሆንም ብሎ ኩላንት የሚንቅ ብዙ ነው፣ ዝገቱንና የውሃውን ድንጋይ የሚከላከለው ግን እሱ ነው።

አንድ ነገር አልሠሩልኝም። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ስላላት «ናፍጣ በዝቶባታል፣ አንዱ የናፍጣ ፓምፑን ብሎን ነክቶታል» አሉ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ የተረፈው ናፍጣ ጭስና ሙቀት ነው የሚሆነው። የናፍጣ ፓምፕ የሚሠራ ሰው ጋ ሂጂ ብለው ላኩኝ፣ እስካሁን አልሄድኩም።

በሳምንቱ ደብረ ማርቆስ ደርሼ መጣሁ። ስመለስ አባቴ ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭኖብኝ ነበር። አባይን ስወጣ ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ ጌጁ ላይ ነበር። መሀሉን ትንሽ አለፈ፣ እዚያው ቆመ። ጌጅ ብቻ አትመኑ ብለውኛል፣ ውሃ ጭራሽ ካለቀ መለኪያው ባዶ ቦታ ላይ ስለሚቀር መርፌው ሊወርድም ይችላል። ስለዚህ ጎሃ ጽዮን ላይ ቆሜ የትርፍ ውሃ መያዣውን አየሁ። ከመስመሩ አልጎደለም። ኋላ ወንበር ላይ የደረደርኳቸው ስድስት ሃይላንዶች እንደታሸጉ ሳሪስ ተመለሱ።

ሒሳቡ ይኸው። ምርመራ 1,500 ብር፣ ጠረጋና ብየዳ 6,000፣ ክዳን 900፣ ተርሞስታት 2,200፣ ያገለገለው ሽፋን 3,500፣ ኩላንት 3,600። ጠቅላላ 17,700። ምርመራ ብቻውን መከፈሉ መጀመሪያ አልተዋጠልኝም ነበር፤ አሁን ሳስበው ሌሎቹ ያልመረመሩት ለምርመራ ስለማይከፈላቸው ይሆናል፣ የሚያተርፉት ዕቃ ሲቀይሩ ነው።

እንከኑንም ልናገር። ሁለት ቀን ያሉኝ ሥራ አምስት ቀን ፈጅቷል። ስልክ አያነሱም። መቀመጫ የለም፣ ካለም ጎማ ነው። ረዳቱ ጎበዝ ልጅ ነው ግን ጋቢናውን በዘይት እጁ አበላሽቶብኛል፣ ስነግረው ሳቀ። ደረሰኝ ለሚፈልግ የመሥሪያ ቤት መኪና አይሆኑም፣ በቴሌብር ግን ይቀበላሉ። አዲሶቹን ኮምፒውተር ያለባቸውን ናፍጣዎች አይነኩም፣ በሩ ላይ ነው የሚመልሱት።

ጎፋም ሆነ ቃሊቲ ያላችሁ፣ መኪናችሁን የምትወስዱት ማታ ይሁን። ታድራለች። ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ሲያስነሷት እጃችሁ ቱቦው ላይ መሆን አለበት።