ስፕሬይ ጋን፣ ቀለም ወይስ የቲነር ማጣሪያ? የጋራዥን አደገኛ ቆሻሻ ለመቀነስ ምን ይገዛ?

ከአንድ የባትላሜና የቀለም ጋራዥ የሚወጣው አደገኛ ቆሻሻ በዋናነት የቆሸሸ ቲነር፣ ተበጥብጦ የተረፈ ቀለም፣ ቀለም የነካው ጨርቅና ወረቀት፣ እንዲሁም በአየር ተበትኖ ወለሉና የሠራተኛው ሳንባ ላይ የሚያርፍ የርጪት ብናኝ ነው። ለዚህ መፍትሔ ተብለው ከሚሸጡ ዕቃዎች መካከል የብዙዎችን ዓይን የሚስበው የቲነር ማጣሪያ ማሽን ቢሆንም፣ ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ባለጋራዥ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው በቀለም ቀቢው እጅ ያለውን መርጫ (ስፕሬይ ጋን) ነው።

በተለመደው የከፍተኛ ግፊት ስፕሬይ ጋን ከሚረጨው ቀለም መኪናው ላይ የሚያርፈው ከ30 እስከ 40 በመቶ ገደማ ነው። ኤችቪኤልፒ የሚባለው፣ ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚያወጣው መርጫ ግን በትክክል ከተስተካከለ 65 በመቶ ያህሉን ማሳረፍ ይችላል፤ አፍንጫው ላይ ያለው ግፊትም ከ10 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ0.7 ባር ገደማ አይበልጥም። አንድ ሊትር ቀለም መኪናው ላይ እንዲያርፍ በ35 በመቶው መርጫ 2.9 ሊትር ያህል፣ በ65 በመቶው ደግሞ 1.5 ሊትር ያህል መርጨት ያስፈልጋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ደንብ የመኪና ቀለም ቤቶች ኤችቪኤልፒ ወይም ተመጣጣኝ መርጫ እንዲጠቀሙ ማዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ መርጫ አየር ይፈጃል፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች በደቂቃ 300 ሊትርና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ካታሎጉ ላይ «ይበቃል» የተባለው ኮምፕሬሰር ሥራ መሐል ላይ ሊደክም ይችላል፤ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ቀለሙ ይንጠባጠባል፣ ሥራው ይደገማል፣ ቆሻሻውም ይጨምራል። ኮምፕሬሰሩን መቀየር ለማይችል ጋራዥ አነስተኛ አየር የሚበቃው ኤልቪኤልፒ መርጫ ይሻላል፤ ርጪቱ ጠበብ፣ ሥራውም ዘግየት ይላል እንጂ ብክነቱ ከተለመደው ያነሰ ነው።

በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም በአውሮፓ ኅብረት ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስፋት የገባው በመኪና የላይኛው ቅብ ውስጥ የሚተን ኬሚካል በሊትር ከ420 ግራም እንዳይበልጥ በመደንገጉ ነው። ትነቱን በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሚቀንሰው የመሠረት ቀለሙን፣ ማለትም የመኪናውን መልክ የሚሰጠውን ቅብ፣ ትነት ብቻ ነው፤ በላዩ የሚረጨው ክሊር፣ ማለትም መልክ የሌለው መሸፈኛ ቅብ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሁንም ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት ያለበት፣ አስም ሊያስከትል የሚችል ነው። በክረምቱ እርጥበት፣ ያለ ነፋሻ ማሽንና ያለ ዝግ የመቀቢያ ክፍል ማድረቁም አድካሚ ነው። እጣቢው «ውሃ ነው» ተብሎ ወደ ቦይ አይደፋም፤ ከቲነር እጣቢም ጋር አይቀላቀልም። መቀቢያ ክፍል ለሌለው ጋራዥ ይህን ግዢ አልመክርም።

የቲነር ማጣሪያ ማሽን የቆሸሸውን ቲነር አፍልቶ በማቀዝቀዝ አብዛኛውን ንጹሕ አድርጎ ይመልሳል። ቲነር በብዛት ለሚጠቀም ትልቅ ጋራዥ ዋጋውን ሊመልስ ይችላል፤ በሳምንት ጥቂት ሊትር ለሚያቆሽሽ ግን ሁለት ክዳናቸው የሚገጥም ጣሳዎች ሊበቁ ይችላሉ። መርጫው በመጀመሪያ በአሮጌው፣ በመጨረሻ ብቻ በአዲሱ ቲነር ይታጠባል፤ አሮጌው ሲጠል ከላይ ያለው ይቀዳል። ማሽኑን ለሚመርጥ ግን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ናይትሮሴሉሎስ ቀለም የገባበት ቲነር ሲፈላ ዝቃጩ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ የናይትሮ ቀለም የሚሠራ ጋራዥ አምራቹ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ሊሞክረው አይገባም። ከማሽኑም ሆነ ከጣሳው ሥር የሚቀረው ዝቃጭ አደገኛ ቆሻሻ መሆኑ አይቀርም፤ ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ የወጣውን ዐዋጅ ቁጥር 1090/2010ም ማሰብ ያስፈልጋል።

ከመርጫው ጋር አብሮ ቢገዛ የማያስቆጨው ዲጂታል ሚዛን ነው፤ ማጠንከሪያ የተጨመረበት ቀለም ከሰዓታት በኋላ ስለሚደርቅ፣ በግምት የተበጠበጠው ትርፍ ለነገ አይቀመጥም። ሻጩን ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ መርጫው በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይፈልጋል፣ የአፍንጫው ቀዳዳስ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ለመሠረት ቀለምና ለክሊር 1.3 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር የተለመደ ሲሆን፣ ከቀለሙ በፊት ለሚቀባው ፕራይመር ሰፋ ያለ ያስፈልጋል።