ካስኬድ ወይስ ሲትራ? አንድ ሆፕ ብቻ ለሚገባበት የቤት ፔል ኤል ቢራ

ሆፕ ለቢራ፣ ጌሾ ለጠላ እንደሆነው ነው፤ ምሬቱም መዓዛውም ከእሱ ይመጣል። ቤቱ 19 ሊትር ፔል ኤል ለሚጠምቅ ሰው 4.5 ኪሎ የገብስ ብቅል፣ የኤል እርሾና አንድ ዓይነት ሆፕ ይበቃዋል። ግን የትኛው ሆፕ?

ካስኬድ እ.ኤ.አ. በ1972 ከአሜሪካዋ ኦሪገን የወጣ አንጋፋ ነው። በጣትህ ስታሸው የግሬፕፍሩት ልጣጭና የአበባ ሽታ ይሰጥሃል። ሲትራ በዕድሜ ልጅ ነው፤ ሽታው ግን ማንጎና ሎሚ፣ ያውም ጎላ ያለ።

ዋናው ልዩነት ምሬቱ ላይ ነው። ምሬቱን የሚሰጠው አልፋ አሲድ በሲትራ 12 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በካስኬድ ግን የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ለሚፈላው ሆፕ 28 ግራም ካስኬድ ካልክ፣ ሲትራ 14 ግራም ይበቃል። እኔ ይህን ረስቼ እኩል ጨመርኩና ኮሶ ጠጣሁ ማለት ይቻላል!

ለመዓዛው ሲሆን ሁለቱንም እሳቱ ሲጠፋ ጨምር። ቀድሞ የገባ ሆፕ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

ሲትራ ዋጋውም ወደድ ይላል። ለመጀመሪያ ጥንስስ እኔ ካስኬድን እመርጣለሁ፤ እጅህ ትንሽ ቢበዛ እንኳ ይችልሃል።